በምን ልቋጥርልሽ?

ረፋድ ላይ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ። ፀሐይዋ አናት ላይ ገና አልወጣችም፤ ድሬ ናትና ሙቀቱ ግን ቀድሟት ደርሷል። ከገበያው ቅስቶች ሥር ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት አንድ ኪሎ ቲማቲም መዝና ሚዛኑን ወደ ገዢዋ አዘነበለች። ገዢዋ ባዶ እጇን ናት።

«በምን ልቋጥርልሽ?»

«ፌስታል የለሽም እንዴ?»

«ወላሂ የለኝም። ቢኖረኝስ ቅጣቱን አንቺ ትከፍይልኛለሽ?»

ገዢዋ ዙሪያዋን ቃኘች። ከጎኗ የነበሩ አንዲት አሮጊት የያዙትን የሰሌን ዘንቢል ከፍ አድርገው አሳዩዋትና ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ግን የምትይዝበት አላገኘችም። መጨረሻ ላይ የሻርፗን ጫፍ ዘርግታ ቲማቲሙን ተቀበለች፤ አራቱ ግን አልገቡም፤ ሻጯ ለሚቀጥለው ገዢ መልሳ ደረደረቻቸውና ሒሳቡን ቀነሰችላት። በዚህች አጭር ግብይት ውስጥ ሻጯ የአራት ቲማቲም ሽያጭ አጣች፣ ገዢዋም ያሰበችውን ወጥ አሳነሰች።

በዚህ ገበያ ለብዙ ዓመታት «በምን ልቋጥርልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ አልነበረም። ከጎን ከተንጠለጠለው የጥቁርና የሰማያዊ ፌስታል ዘለላ አንዱን መንጨቅ፣ በትንፋሽ አፉን መክፈት፣ ዕቃውን ጨምሮ ጫፍና ጫፉን ማሰር የሻጭ እጅ ሳያስበው የሚሠራው ነገር ነበር። ገዢም ከቤቱ ሲወጣ ብርና ስልኩን መያዙን እንጂ መያዣ መያዙን አያረጋግጥም።

ይህን የለወጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ነው። አዋጁ ፌስታል ማምረትን፣ ከውጭ ማስገባትንና መሸጥን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ከልክሏል። ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ ለአምራችና ለአስመጪ የተቀመጠው ቅጣት ከዚህ እጅግ ይከብዳል። 5,000 ብር ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያስቆጭ ገንዘብ ነው። ቃሪያና ሎሚ በመደብ እየደረደረች ለምትሸጥ የጉልት ነጋዴ ግን ቁጭት ብቻ አይደለም፤ ነገ የምትነሳበት ገንዘብ ነው።

ሰው ሕጉን እንደ ዱብ ዕዳ ቢቀበለውም ፌስታልን የሚመለከት ሕግ ከዚህ በፊትም ነበረ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በተፈጥሮ የማይበሰብስና ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታልን ይከለክል ነበር። 18 ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ኖሯል። በእነዚያ 18 ዓመታት ግን እጅ ሲነካው የሚሳሳው፣ ሁለት ኪሎ ድንች ሲይዝ መያዣው እንደ ክር የሚመዘዘው ፌስታል ከገበያ መጥፋቱ ቀርቶ የገበያው ንጉሥ ሆነ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የሚሊ ሜትር ሦስት መቶኛ የሚለካ መሣሪያ ይዞ ገበያ ለገበያ የሚዞር ተቆጣጣሪ ማን አይቶ ያውቃል? ሕጉ ዓይን የማያየውን ነገር አስከብሩ ይል ነበር። አዲሱ አዋጅ ቢያንስ በዚህ ብልህ ነው፤ ውፍረት አይለካም።

ፌስታል ራሱ ሲፈጠር ተጠቅመው እንዲጥሉት የታሰበ ዕቃ አልነበረም። ሴሎፕላስት በተባለ የስዊድን ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ከአንድ የፕላስቲክ ቱቦ ተቆርጦ፣ ተጣብቆና መያዣ ወጥቶለት የሚሠራውን ፌስታል እ.ኤ.አ. በ1965 በባለቤትነት አስመዘገበ። ልጁ ኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ አንዱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ለወረቀት ከረጢት ሲባል የሚቆረጠውን ዛፍ ለማዳን ደግመው ደጋግመው የሚይዙት ነገር መስሎት ነበር የሠራው። የእኛ እናቶችም እኮ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ወፍራሙን ፌስታል አጥበው፣ ገመድ ላይ አስጥተው፣ አጣጥፈው ከፍራሽ ሥር ያኖሩት ነበር። ያን ልማድ የገደለው የፌስታሉ መሳሳትና ዋጋ አልባ መሆን ነው፤ ሻጩ በነፃ የሚሰጥህን ነገር ማን ያጥባል?

ድሬዳዋን በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለሁለት ከፍሎ ማየት የቆየ ልማድ ነው። በአንድ ወገን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ፈረንሳዮቹ በማስመሪያ የቀየሱት ከዚራ፣ ጥላማ ዛፎቹና ቀጥ ያሉ መንገዶቹ። በሌላው ወገን መጋላ፣ ጠባብ መንገዱና ገበያው። በፌስታል ጉዳይም ከተማዋ ለሁለት ትከፈላለች ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በከዚራ ወይም በሳቢያን አንድ ሱፐርማርኬት ገብቶ ፓስታ፣ ሳሙናና የታሸገ ወተት የሚገዛ ሰው ችግሩ ቀላል ነው። ሒሳብ መክፈያው ጋ የጨርቅ ቦርሳ ተንጠልጥሏል፤ አንዱን ይገዛል። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ውስጥ ይረሳዋል፤ ሌላ ይገዛል። ትንሽ ይነጫነጫል እንጂ የሚገዛው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ነው። እንዲያውም ልብ ብሎ ላየው ከሱፐርማርኬት የሚወጣው ሰው የያዘው ፕላስቲክ ከቀፊራ ከምትወጣዋ ሴት ይበልጣል፤ የፓስታው ማሸጊያ፣ የብስኩቱ ልባስ፣ የውሃው ሃይላንድ፣ የሻምፖው ጠርሙስ። ፌስታሏን ብቻ ነው ያስቀሩበት።

ደቻቱን ተሻግሮ ግን ፌስታል መያዣ ብቻ አልነበረም። ጆንያ፣ ጣሳና ጠርሙስ የሌለው ሰው የሚገዛበት መስፈሪያም ነበር። ከአንድ ሊትር በታች ዘይት የሚገዛ ቤተሰብ ዘይቱን የሚወስደው በትንሿ ነጭ ፌስታል ተቋጥሮ ነው። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ለአንድ ወጥ የምትበቃ በርበሬ፣ የአንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ለቁርስ ትኩስ ፉል፣ ለምሳ ሰዓት ለስላሳው የሚቀዘቅዝበት የረጋ በረዶ፤ ይህ ሁሉ በፌስታል ነበር የሚንቀሳቀሰው። በብዛት የሚገዛ ሰው ከፋብሪካ የታሸገውን ያነሳል። በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛው፣ ማለትም የዕለት ገቢ ያለው ሰው፣ የራሱን ማሸጊያ ከባለሱቁ ነበር የሚያገኘው። እገዳው መሠረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ክብደቱ ግን እኩል አልተከፈለም፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚያሰኝ ነገር አለበት።

ስለዚህ መላው የመጣውም ከእነዚሁ ሰዎች ነው። ገንደ ቆሬ ያለ አንድ ባለሱቅ ለሚላኩ ልጆች ሕግ አውጥቷል፤ ዘይት የሚፈልግ ጠርሙስ ይዞ ይምጣ። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ የልጆች ሰልፍ ብታዩ እያንዳንዱ አንድ ሃይላንድ ይዟል፤ አንዳንዱ ክዳኑ ጠፍቶበት አፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ነው የሚሄደው። ስኳሩ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት በጥሩምባ ቅርጽ ተጠቅልሎ ይሰጣል። በዚያ ወረቀት ላይ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ከነስህተቱ ይነበባል። ወረቀት መጠቅለል የማያውቁት ወጣት ሻጮች ናቸው። የድሮዎቹ ባለሱቆች ግን በሦስት እጥፋት ጨርሰው፣ ጫፏን ወደ ውስጥ ቀብረው፣ ብትጥላት የማትፈታ አድርገው ያቀብሉሃል።

ሥጋ ቤቱ ሌላ ጣጣ ነው። ሥጋ ደም አለው፣ ሙቀቱም አይታገስም። የወረቀት ከረጢት እርጥበት ሲነካው ወዲያው ይለቃል። እዚህም የሰማሁት ምላሽ ድሮ ወደነበረው የሚመልስ ነው።

«እናቴ፣ ዕቃ ይዘው ካልመጡ በምን ልስጥዎት?»

«አንተ ልጅ፣ ሳህን ይዤ በታክሲ ልሳፈር?»

«ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ ይያዙ። ለመስክ የሚሄድ ሰው ይምሰሉ።»

እማማ ተቆጡ፤ ሥጋውን ግን ጥለው አልሄዱም። በማግስቱ ምሳ ዕቃ ይያዙ አይያዙ እሳቸው ያውቃሉ። የግመል ወተት ከሽንሌ በኩል ይዘው የሚገቡት ሶማሌ ሴቶች በዚህ ሁሉ ግርግር ምንም አልተነኩም። ጄሪካናቸው ፊትም ነበረ፣ አሁንም አለ። ገዢዎቻቸውም ዕቃ ይዞ መምጣትን ፈጽሞ አልተዉም ነበር።

አዲሱን መያዣ በሚመለከት ግን የድሬ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በየሱቁ «ጨርቅ ነው» ተብሎ የሚሸጠው፣ ለስለስ ያለው፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ሲቀደድ ድር የማይታይበት ቦርሳ ጨርቅ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ቀልጦ፣ እንደ ጭረት ተረጭቶና በሙቀት ተጠፍጥፎ የተሠራ ነው። አልተፈተለም፣ አልተሸመነም። የስንዴና የስኳር «ማዳበሪያ» ከሚሠራበት ጋር አንድ ዘር ነው። ሃምሳና መቶ ጊዜ ከተያዘ ከፌስታል ይሻላል፤ ችግሩ ስፌቱ በሙቀት የተጣበቀ ስለሆነ ብዙዎቹ ያን ያህል አይደርሱም። ሲበጣጠስም ወደ ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ነው የሚለወጠው። አንድን ፕላስቲክ በሌላ፣ ደግሞም በወፈረ ፕላስቲክ ተክተን ተገላገልን ማለት ራስን ማታለል ይሆናል።

እውነተኛው የጥጥ ቦርሳም ቢሆን ከነቀፋ ነፃ አይደለም። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ ለመፈተልና ለመሸመን ኃይል ይበላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዳሰሳ መሠረት አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ባለው ጫና ከፌስታል እንዲሻል ከ50 እስከ 150 ጊዜ መያዝ አለበት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ብቻ ገበያ ለሚወጣ ሰው ይህ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ቁም ነገሩ ከምን ተሠራ የሚለው ላይ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ ተያዘ የሚለው ላይ ነው። በዚህ መለኪያ አሸናፊዋ እዚያ ቀፊራ ያየናት የአሮጊቷ ዘንቢል ናት። ሰሌን ናት፤ ስታረጅ ማገዶ ትሆናለች፣ ብትጣልም ፍየል ትበላታለች፣ ፍየሏም አትሞትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ድሬዳዋ ስሙ የገነነ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራት ከተማ ናት። ስንት ቤተሰብ በጥጡ ፋብሪካ ደመወዝ ልጅ አሳድጓል፤ አቡጀዲውም አንሶላውም ከዚሁ ይወጣ ነበር። 55 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ሐረር ደግሞ «መኪና ግርግር» የሚባል፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ያገኘ የሰፊዎች መንገድ አላት። በሸማኔና በሰፊ እንዲህ የታደለ አካባቢ ቀልጦ የተጠፈጠፈ ፕላስቲክ በጨርቅ ስም ሲገዛ ማየት ያስገርማል። በመጋላ በረንዳዎች ላይ የሚሰፉ ሰፊዎች ከቁርጥራጭ አቡጀዲና ከአሮጌ መጋረጃ የገበያ ቦርሳ መስፋት አያቅታቸውም። ጎረቤት ለጎረቤት ማዘዝ የጀመረ ካለ ከሕጉ ጥቅም ቀድሞ የተቋደሰው እሱ ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል መቸገር ለምን አስፈለገ? መልሱ ከገበያው ሁለት ደቂቃ በእግር ይገኛል፤ ደቻቱ።

ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ቆሻሻም ይጣልበታል። ክረምት ሲመጣ ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ያን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 የሚበልጥ ሰው ገድሎ ሰፈር ከነቤቱ ጠርጓል። ያን ጎርፍ ፌስታል አላመጣውም፤ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብና በወንዙ ዳር የተሠራው ቤት ነው። የድሬ ሰው ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ውሃ መሄጃ ሲያጣ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳው አያስፈልገውም። የጎዳና ቦይ በፌስታል ሲደፈን ውሃው ወደ መንገዱ ይወጣል፣ ከመንገዱም ወደ ቤቱ። በዓለም የመጀመሪያዋ ፌስታል ያገደች አገር ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2002 እርምጃውን የወሰደችው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ በ1988 እና በ1998 እ.ኤ.አ. ባጥለቀለቃት ጎርፍ የከተሞቿን ፍሳሽ የዘጋው ፌስታል መሆኑ ታወቀ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ የድሬ ነው። ትንኝ። ዴንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ መልክ የታየው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. መባቻ። በ2011 ማብቂያና በ2012 መጀመሪያ ቺኩንጉኒያ ገብቶ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ያን ጊዜ መገጣጠሚያው ተሳስሮ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ቤተሰብ ያልነበረበት ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ባልተጠበቀ ወቅት፣ በበጋ፣ ከተማ መሀል ተነሣ። ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ያያያዙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው፣ ከእስያ ከመጣችውና ከተማ መኖር ከምትወደው የወባ ትንኝ ጋር ነው። እነዚህ ትንኞች በአብዛኛው ረግረግ አያስፈልጋቸውም። በርሜል፣ ታንከር፣ የተጣለ ጎማ፣ ውሃ ያቆረ ማንኛውም ዕቃ ይበቃቸዋል። ዋናው መፈልፈያ በየቤቱ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ እንጂ ፌስታል አይደለም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቢሆንም ቦይ የደፈነ፣ አጥር ላይ ተሰቅሎ ዝናብ ያጠራቀመ ፌስታል ለትንኝ ተጨማሪ ቤት ነው። ቧንቧው ስለማይታመን በርሜሉን ማንሳት ያልቻለች ከተማ ፌስታሉን ግን ማንሳት ትችላለች።

ሦስተኛውን የሚያውቁት የቄራ ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቄራዎች የተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ከግማሽ በሚበልጡት ሆድ ውስጥ የማይፈጭ ባዕድ ነገር አግኝቷል፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ፌስታል ጨው ወይ የምግብ ቅሪት ስላለበት ፍየሏን ይስባታል። አንዴ ጨጓራ ከገባ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ ከሌላው ጋር እየተጠላለፈ እንደ ገመድ ኳስ ያድጋል። ከብቱ የጠገበ ይመስለዋል፣ መብላት ይቀንሳል፣ ይከሳል። ገበያ ላይ «መኖ አልተስማማውም» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍየል ሆዱ ሲከፈት የምናየው የራሳችንን ገበያ ነው።

ቆራሌው ለምን አይሰበስበውም? ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሃይላንዱን፣ ጄሪካኑን፣ የተሰበረውን ወንበር ሳይቀር «ቆራሌው!» እያለ ይዞር የለም? ሒሳቡን አስሉት። አንድ ቀጭን ፌስታል አምስት ግራም አካባቢ ይመዝናል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ሁለት መቶ ፌስታል መልቀም ያስፈልጋል፤ ያውም ዘይትና አሸዋ የነካውን፣ መታጠብ ያለበትን። በዚያ ድካም ብዙ እጥፍ የሚመዝን ሃይላንድ ይሰበስባል። ፌስታል ዋጋ ስለሌለው ነው መንገድ ላይ የቀረው፤ በነፃ ተሰጥቶ በነፃ ይጣላል።

የጎረቤት ልምድ ለድሬ ሰው ሩቅ አይደለም። የዘመድ ግማሹ እዚያ ነው። ሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ፌስታልን አግዳ ነበር። በየግራሩ እሾህ ላይ የሚውለበለበውን ፌስታል ሰው «የሐርጌሳ አበባ» እያለ ይቀልድበት ነበር። እገዳው ሳይሠራ ቀርቶ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ማወጅ አስፈልጓል። ኤርትራ በዚያው በ2005 አግዳ ከሞላ ጎደል ተሳክቶላታል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ሻንጣ እየፈተሸች ፌስታል ትቀማለች። ኬንያ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት አስቀምጣ ጀመረች፤ ያን ያህል የከበደ ሕግ ይዛም ከጎረቤት አገር በድብቅ የሚገባውን ፌስታል ማቆም አልተቻላትም።

ድሬዳዋ ደግሞ ኮንትሮባንድ የሚለውን ቃል ለማንም የምታስተምር ከተማ እንጂ የምትማር አይደለችም። ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ ከባሕሩ ወገን የሚመጣ ነገር ሁሉ በዚህ ያልፋል። ሬዲዮ፣ ሽቶ፣ ሲጋራ፣ ጨርቅ፣ ስልክ ያልቆመበት ኬላ ፌስታልን ያቆማል ብሎ ማሰብ ትንሽ የዋህነት ነው። ፌስታል ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ አይሰበርም፣ አይበላሽም፤ የኮንትሮባንድ ነጋዴ በሕልሙ የሚያየው ዕቃ ነው። የሚያዋጣው ግን ገዢ ሲኖር ብቻ ነው። ለዚህ ነው ገበያው ውስጥ የሚደረገው ለውጥ ከኬላው ፍተሻ የሚበልጠው፤ ለዚህም ነው ተቆጣጣሪው የጉልት ነጋዴዋን ጥቂት ፌስታል ከመቀማቱ በፊት ያን ዘለላ በጅምላ ያቀበላትን መጋዘን ቢጠይቅ የሚሻለው። ሴትዮዋ ከየት እንደገዛችው ታውቃለች። ቀስ ብሎ ለጠየቃት ሰው ትነግረዋለች።

በዚህ ሁሉ መሀል መፍትሔ ያጣው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የድሬን ቀን ለሁለት የሚከፍለው ነው። ጫት።

ከአወዳይና ከአካባቢው የሚወርደው ጫት ወደ እኩለ ቀን ሲቃረብ ከተማው ይገባል። መኪናው ገና ሳይቆም ሰው ይከበዋል። ኡራታ የሚባለውም ዓይነት ቁዳ የሚባለውም እየተለየ፣ እየተመረጠ፣ በዙርባ በዙርባው ታስሮ ይሸጣል። ጫት ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሸቀጥ ነው። ሰው የሚፈልገው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ እየደረቀ ሲሄድ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል፤ በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ኃይሉ ያልቃል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሁለት ቀን ሳይሆን ሁለት ሰዓትም ያጠወልገዋል። ፌስታል ይህን እርጥበት ይይዝ ነበር። ሻጩ ውሃ ረጨት አድርጎ፣ አፉን አጥብቆ ቋጥሮ ሲሰጥህ በርጫ ቤት እስክትደርስ ጫትህ ልክ እንደተቀጠፈ ይቆያል። በድሬ ሰፈሮች መሬት ላይ ከሚታየው ፌስታል ብዙው የጫት መሆኑን የመንገድ ጠራጊዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ከነገረባው ነው የሚሰበስቡት።

የጨርቅ ቦርሳ እርጥበቱን ይመጠዋል። ወረቀት ይለቃል። ድሮ የሙዝ ቅጠል ነበር፤ አሁንም በአንዳንድ ቦታ ዙርባው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በልጥ ታስሮ ይመጣል። ቅጠሉ ቀዝቃዛ ነው፣ አየር ያስገባል፣ እርጥበቱን አይለቅም፣ ሲጣልም ፍየል ትበላዋለች። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሙዝ ቅጠሉ ከየት ይምጣ? ድሬ ዙሪያዋ ቁጥቋጦና ግራር ነው፤ ለሺህ ዙርባ የሚሆን ቅጠል በየቀኑ የሚያቀርብ የለም። ጆንያ አርጥቦ መጠቅለል ይቻላል፤ ለነጋዴው መኪና ይሠራል፣ አንዲት ዙርባ ገዝቶ በባጃጅ ለሚሄድ ሰው ግን አይሆንም።

ጫት ተራ ላይ አንድ ወጣት ሻጭን ደንበኛው ያፋጥጠዋል።

«ምን ሆነህ ነው አቦ? ዛሬማ ደርቋል!»

«አልደረቀም አቦ፣ ፌስታል አጥቶ ነው። እርጥብ ፎጣ ይዘህ ና፣ ነገ ጠቅልዬ እሰጥሃለሁ።»

«ፎጣ ይዤ ስመጣ ሚስቴ ወዴት እየሄድክ ነው ብትለኝስ?»

«ሻወር በላት።»

ሳቅ ሆነ። ደንበኛው ግን በማግስቱ ፎጣ ሳይሆን የሕፃን ልጁን የምግብ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠበቅ የሚለውን ይዞ መጣና ቅጠሉን ከገረባው ቀንጥሶ እዚያው ሞላው። ከኋላው ቆመው የነበሩት ሦስት ሰዎች ዕቃው ስንት እንደሚሸጥ ጠየቁት።